ዲስኩ ደርሷል፣ ጌሙ ግን ገና ነው

መነሻ ጽሑፍ

እህቴ በክረምቱ ከአቡዳቢ መጣች። ልጇ የ8ኛ ክፍል ፈተናውን ካለፈ አመጣልሃለሁ ያለችውን ይዛ ነው የመጣችው፤ አንድ ኮንሶል፣ ከቲቪ ጋር የሚሰካ የጌም ማጫወቻ ማለት ነው፣ እና አንድ የጌም ዲስክ። ልጁ የዲስኩን ላስቲክ ለመቅደድ እንኳ ሳሳ። በጥፍሩ ጫፍ ቀስ እያለ ላጠው።

አስገባነው። ስክሪኑ 43 ጊጋባይት አፕዴት አውርዱ አለን። ቤታችን ዋይፋይ የለም። ያለን የኔ ስልክ ነው። ዘለልነውና ጌሙ ተከፈተ። ሦስተኛው ተልዕኮ ላይ የምናጫውተው የጌሙ ሰውዬ አንድ በር ጋ ደረሰ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰውየው ደፉ ላይ ቆሞ እግሩን ያነሳል፣ ይጥላል፣ አንዲት ስንዝር አይራመድም። ስምንት ጊዜ እንደገና ጀመርን። ስምንቱንም ጊዜ እዚያው ደፍ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ልጁ ጆይስቲኩን አስቀመጠና እናቱን ይቅርታ ጠየቃት። በሱ እጅ የተበላሸ መስሎታል።

ያቺ ይቅርታ ናት ያመመችኝ።

የሌሊት ጥቅል ረከስ ስለሚል ስልኬን ለ9 ሌሊት ኮንሶሉ አጠገብ አሳደርኩት። በ10ኛው ቀን ሰውየው በሩን አለፈ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም ማለት ነው። ዲስኩም አልተቧጨረም። ጌሙ ሲታተም በሩ አይሠራም ነበር፤ የተስተካከለው በኋላ ነው።

የጌሙን ስም አልጠራም። ጥያቄዬ ስለ አንድ ጌም አይደለምና። ጌሞች ሳያልቁ ነው ወይ የሚሸጡልን? የኔ እምነት አዎ ነው። አፕዴት የሚባል ነገር ከመጣ ወዲህ ሥራው የሚያልቅበት ቀንና የሚሸጥበት ቀን ተለያይተዋል። በመካከል ያለውን ጊዜ የሚከፍለው ገዢው ነው። አብዝቶ የሚከፍለው ደግሞ ኔት የሚወደድበት ገዢ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ ብዬ እዚህ መድረክ ላይ ጠየቅሁ።

እስከ ዛሬ 35 መልስ መጥቷል። አርፍዶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በቁጥራቸው እየጠራሁ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ።

መልስ 1። አንዲት እናት ናት። ከሰላምታዋ ጋር ለልጁ እንኳን ደስ አለህ አለችልኝ። የሷም ልጅ ጌም መሀል ላይ ሲቆምበት ሶኬቱን ነቅሎ እንደሰካ፣ የደረሰበት ሁሉ ጠፍቶበት ምሳ አልበላም እንዳለ ጻፈች። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ።

መልስ 2። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የጻፈ ወንድም ነው። በጨዋ ደንብ ነው የተከራከረኝ። እሱ ቤት 43 ጊጋ ቡናው እስኪፈላ አይቆይም። ስለዚህ ጉድለቱ የኔቱ እንጂ የጌሙ አይደለም ባይ ነው። የኔቱን ነገር አልክድም። ግን ኔት ሲፈጥን ጉድለቱ ቶሎ ይሸፈናል እንጂ አልነበረም አይባልም። እሱ 20 ደቂቃ የጠበቀውን እኔ 9 ሌሊት ጠበቅሁት። ሁለታችንም የጠበቅነው ግን ያንኑ በር ነው።

መልስ 3። ይሄኛውን ረዘም አድርጌ ላውራው። ጎፋ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ሰው ነው። አራት ቲቪ አለው። አንድ ጌም 15 ብር ነው፤ እንደየትኛውም ሰፈር የተሸነፈ ይከፍላል። አንድ ቅዳሜ አዲስ የእግር ኳስ ጌም መግባቱን በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ቤቱ ጢም አለ። ሁለት ጓደኛሞች ገጠሙ። ውጤቱ 2 ለ 1፣ ሰዓቱ 89ኛው ደቂቃ። እየተመራ ያለው ቡድን አጥቂ ከበረኛው ጋር ለብቻ ተገናኘ። እግሩን አነሳ። ስክሪኑ እዚያው ስታክ አደረገ። ኳሷ አየር ላይ ናት፣ በረኛው በጉልበቱ ነው፣ ድምፁ ደግሞ አንዲት የደጋፊ ጩኸት እየደጋገመ ይጮኻል። የሚመራው ልጅ ክፈለኝ አለ። እየተመራ ያለው ልጅ ኳሷ ገብታለች ብሎ ማለ። ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሊደባደብ ምንም አልቀረው። ባለቤቱ ሁለቱንም በነፃ ደግሞ አጫወታቸው። በዚያ ቀን ብቻ ስድስት ጊዜ በነፃ አጫወተ። በሳምንቱ ወረቀቱን ቀዶ የድሮውን ጌም መለሰ። አዲሱ በአፕዴት የተስተካከለው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ግን ልጆቹ ታች አስፋልቱ ዳር ያለውን ቤት ለምደውት ነበር። ጌሙ ተስተካክሎ ቢመጣም ደንበኛው አብሮ እንዳልመጣለት ነው የጻፈው። የጌሙን ስም እሱም አልጠራም።

መልስ 4። አንዲት ፕሮግራመር ገባች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ በሚለው ደንብ አስረዳችን። ዲስክ የሚታተመው ከመሸጫው ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ፋብሪካ አለ፣ ማሸጊያ አለ፣ ማጓጓዣ አለ። የመጨረሻው ቅጂ ለሕትመት ሲላክ በሙያው ቋንቋ ጌሙ ጎልድ ሆነ ይባላል። ሠራተኞቹ ግን ከዚያም በኋላ ማስተካከላቸውን ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ቀን የሚመጣው አፕዴት የነዚያ ሳምንታት ሥራ ነው። አፕዴት ስላለ ብቻ ጌሙ አላለቀም ማለት ፍርደ ገምድልነት እንደሆነ ነገረችኝ።

ሁለተኛ ነጥቧ ስሌት ነው። ጌሙን ሳይወጣ የሚሞክሩ መቶ ፈታሾች በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠሩ 240,000 ሰዓት ይሆናል። ጌሙ በወጣበት ቀን አንድ ሚሊዮን ሰው ሩብ ሰዓት ብቻ ቢጫወት 250,000 ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ ከፈታሾቹ ዓይን ያመለጠ ነገር በመጀመሪያው ከሰዓት ቢገኝ አይገርምም። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ማሽን ይለያያል።

ይህቺን እርማት በደስታ ተቀብያለሁ። ጥያቄዬንም አጠበብኩት። ሳያዩት ያመለጣቸው ሌላ፣ እያዩት የሸጡት ሌላ። እኔ የምጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

መልስ 5። ሁለተኛውን በአንድ ጌም አሳየን፦ ሳይበርፐንክ 2077። የሠራው ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የሚባል የፖላንድ ስቱዲዮ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ታወጀ (ከዚህ በታችም የጌሞቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጆች ነው)። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በ2020 ዲሴምበር 10 ወጣ፤ በኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 መሆኑ ነው። ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ይሄድ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን የሚባሉት ኮንሶሎች ላይ ግን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይንቀረፈፋል፣ በመሀል ይዘጋል። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ከኔት መደብሩ አነሳው፣ ለገዢዎችም ገንዘብ መመለስ ጀመረ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በ2021 ጁን ነው።

መልስ 6። መልስ 5ን አረመ። የተራዘመው ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለኤፕሪል 16 ነበር የተቀጠረው፤ ወደ ሴፕቴምበር 17፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19፣ ከዚያ ወደ ዲሴምበር 10 ተገፋ። የመጨረሻው መራዘም የተነገረው ጌሙ ጎልድ ሆኗል ከተባለ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ሌላም ጨመረ። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። በኮንሶል ምን እንደሚመስል ገዢው ያየው ከከፈለ በኋላ ነው።

ይህንን ሳነብ ደሜ ፈላ። ፕሮግራመሯ ግን ሚዛን እንዳይጎድል መልስ 7 ላይ ተመለሰች። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ በ2021 ጃንዋሪ በቪዲዮ ቀርቦ ይቅርታ መጠየቁን፣ ፍተሻቸው ተጫዋቹ ካየው ችግር ብዙውን እንዳላሳያቸው መናገሩን አስታወሰች። ተናግሯል፣ እውነት ነው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ደካማውን ትቶ ጠንካራውን ቅጂ ለገምጋሚ የላከ ሰው የትኛው ደካማ እንደሆነ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 8። ፔስ የሚባለው የእግር ኳስ ጌም አፍቃሪ ነው፤ ያመመው ቦታ ሌላ ነው። ሠሪው ኮናሚ ፔስ 2021ን ሲያወጣ አዲስ ጌም ሳይሆን የ2020ውን በአዲስ አሰላለፍ ነበር የሰጠን። ምክንያቱ ለቀጣዩ እየተዘጋጀን ነው የሚል ነበር። ቀጣዩ ስሙን ቀይሮ ኢፉትቦል ሆኖ በ2021 ሴፕቴምበር 30 በነፃ ተለቀቀ። ከፍተን ስናየው ዘጠኝ ክለብ ብቻ። ተጫዋቾቹ እጃቸውን እንደ ክራር ገትረው ይሮጣሉ። የምናውቃቸው ኮከቦች ፊት ተጣሞ ፎቶው ዓለምን ዞረ። ኮናሚ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። አንደኛ እትም ብለው የቆጠሩት ግን በ2022 ኤፕሪል የወጣውን ነው። እዚህ ላይ የሰውየው አስተዋይነት ደስ አለኝ። በራሳቸው አቆጣጠር እንኳ ሴፕቴምበር ላይ የሰጡን ገና አንድ አልደረሰም ነበር።

መልስ 9 እስከ 12። ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል። ፔስ ይበልጣል ወይስ ተፎካካሪው ፊፋ ተባለ። አጥቂው አድሪያኖ በፔስ 6 ስንት ሜትር ላይ ሆኖ ያገባ ነበር ተባለ። አራቱም ጥሩ ትዝታ ነው፤ ከጥያቄያችን ጋር ግን አይገናኝምና አልፈዋለሁ።

መልስ 13። በዕድሜ ታላቃችን የሆኑ ጋሼ ናቸው። በ80ዎቹ መጨረሻ ከቲቪ ጋር የሚሰካ ካሴት ያለው ጌም እንደነበራቸው ነገሩን። አልሠራ ሲል ካሴቱን አውጥተው እፍ ይሉበታል። ወንድማቸው ትንፋሹ ይበረታል ተብሎ እሱ ነበር የሚጠራው። ያኔ አፕዴት የሚባል አልነበረም። ስለዚህ ሠሪው ሳይጨርስ አያወጣም ነበር ብለው ደመደሙ።

መልስ 14። አንድ ወጣት አንቱ እያለ፣ በአክብሮት አረማቸው። የድሮውም ቢሆን ሁሉ አልቆ አልወጣም። የአሜሪካው ጌም ሠሪ አታሪ በ1982 ኢ.ቲ. የሚለውን የፊልም ጌም ለገና ገበያ ለማድረስ ለአንድ ፕሮግራመር አምስት ሳምንት ገደማ ነው የሰጠው። ልጆች ጌሙ ውስጥ ጉድጓድ ገብተው መውጣት አቃታቸው። ያልተሸጠው ተጭኖ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ አላሞጎርዶ አጠገብ ተቀበረ። በ2014 ቆፍረው ሲያወጡት ካሜራ ቀርጾታል። ደግሞም የጃፓኑ ኔንቲዶ ዜልዳ የሚባለውን የ1998ቱን ጌም ስህተቱን እያረመ ከአንድ በላይ እትም በዝምታ አሳትሟል። የመጀመሪያውን እትም የገዛ ሰው ስህተቱን ይዞት ቀረ። ጋሼም ይህንን አላውቅም ነበር ብለው አመሰገኑት።

እኔም ተማርኩበት። ግን ከሁለቱ ታሪክ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ያኔ ያላለቀ ጌም ያወጣ ኪሳራው በራሱ ላይ ነው የሚወድቀው፤ መልሶ ማስተካከያ የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዛሬ የምታፈሰው እሷ ናት፣ የሚለቅመው ገዢው ነው።

መልስ 15። እስከዚህ ድረስ ጨዋታው በመከባበር ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ቆጣ ብሎ ገባ። እኛ አገር አብዛኛው የሚጫወተው ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ጌም ነው፤ በሃርድ ዲስክ አስጭኖ በነፃ የሚጫወት ሰው ስለ ጥራት ለመናገር ምን አፍ አለው ብሎ ወረደብን። ፕሌይስቴሽን ቤት ያለውንም ለይቶ ሰደበው።

መልስ 16 እስከ 18። ሁለቱ ስድቡን በስድብ መለሱ። እነሱን አልደግማቸውም። መልስ 18 ግን ሰውየው ራሱ፣ የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ነው። ክሱን አልካደም። ኦሪጅናል የገዛው ሁለት ብቻ መሆኑን፣ ሌላውን ጌም ጫኝ ዘንድ ሄዶ እንዳስጫነ በግልጽ ጻፈ። ኦሪጅናል ለመግዛት የውጭ ካርድ ስለሌለው ዘመድ ማስቸገር እንዳለበት፣ አካውንቱንም የሌላ አገር ሰው ነኝ ብሎ መክፈት እንዳለበት ዘረዘረ። ጨክኖ ያለው ደግሞ ይሄ ነው። የተገለበጠ ጌም አፕዴት በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ብዙው የሰፈር ልጅ ያደገው በመጀመሪያው ቀን ጌም ነው። ሌላው ዓለም ሦስት ወር የታገሠውን ስህተት የኛ ልጅ የጌሙ ተፈጥሮ አድርጎ ይዞት ኖሯል።

መልስ 19። የኔ ነው። እህቴ ያመጣችው ዲስክ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት መሆኑን ለመልስ 15 ጻፍኩ። ሰው ቤት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ ነው።

መልስ 20። ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰ ሰው ነው። አፕዴትን አታውግዙ ባይ ነው። ኖ ማንስ ስካይ የሚባለው ጌም በ2016 ኦገስት ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ተጫዋቾች ተቀጣጥረው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ አንዱ ሌላውን ሊያይ አልቻለም። ሕዝቡ ተታለልን ብሎ ጮኸ። ሠሪው ሄሎ ጌምስ የሚባል ትንሽ የእንግሊዝ ስቱዲዮ ነው። አፉን ዘግቶ ሠራ። በ2018 ጁላይ ሰዎች አብረው መጫወት ቻሉ። ከዚያም ወዲህ ለተጨመረው ሁሉ አንድ ሳንቲም አላስከፈለም።

መልስ 21። ያንን ደግፎ ብዙ ሰው በኔት አብሮ የሚጫወተውን ፋይናል ፋንታሲ 14ን አነሳ። በ2010 ወጥቶ አልሆን አለ። ሠሪው ስኩዌር ኤኒክስ የሥራውን መሪ ቀይሮ ጌሙን ከሥሩ እንደገና አሠራው። አሮጌውን በ2012 ኖቬምበር ሲዘጉት አንዲት ቀይ ጨረቃ ወድቃ ያንን ዓለም ስታጠፋው ተጫዋቾቹ ቆመው አዩ። አዲሱ በ2013 ኦገስት ተከፈተ፤ ዛሬም በሕይወት አለ። ይህንን ታሪክ እኔም እወደዋለሁ። እንዲህ የጠገነ ኩባንያ ጥቂት ነው።

መልስ 22። ይሄኛው አልተዋጠለትም። የሰበረውን የጠገነ ሰው ለምን ይሞገሳል ብሎ ጠየቀ። ያልጠገኑትንም ቁጠሩ ሲል ዘ ደይ ቢፎር የሚባለውን ጌም አስታወሰ። በ2023 ዲሴምበር 7 ለሽያጭ ቀረበ። ከአራት ቀን በኋላ ሠሪው ድርጅት መዘጋቱን አስታወቀ። ያኔ አፕዴት የሚልክ ሰው የለም።

መልስ 23። አንዲት ሴት የኮንዶሚኒየም ምሳሌ አመጣች። ሳስበው ሳስበው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቤቱ ዕጣ ወጥቶልህ ቁልፍ ስትረከብ ወለሉ ሊሾ እንኳ አይደለም፣ የውስጥ በር የለም፣ ግድግዳው ቀለም ይጠብቃል። ፊኒሺንጉን የምትጨርሰው አንተ ነህ። ማንም ግን ተታለልኩ አይልም። ለምን? አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ገንዘቡንም ለዚያው ያስቀምጣል። የሷ ነጥብ፣ ያላለቀ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፣ አልቋል ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ የሚል ነው።

መልስ 24። እሷ ያለችው ነገር በጌም ዓለም ስም እንዳለው ነገራት፦ ኧርሊ አክሰስ። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም የኔት መደብር ይህንን አሠራር በ2013 ጀመረ። ገዢው ጌሙ እየተሠራ መሆኑን አውቆ ይገባል፣ ያየውን ስህተት ይናገራል። ባልዱርስ ጌት 3 በዚህ መንገድ ከ2020 ኦክቶበር እስከ 2023 ኦገስት ቆይቷል። የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ሰጥቶ የተጫዋቹን አስተያየት ሰማ። ሲያልቅ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ።

መልስ 25። አጭር ናት። እሱም ቢሆን ሲወጣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስህተት ሞልቶት ነበር አለች። ልክ ናት። ሰው ቀድሞ የሞከረው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነዋ።

መልስ 26። ለምን ይቸኩላሉ ለሚለው መልስ የሰጠ የሒሳብ ባለሙያ ነው። የመሸጫ ቀኑን የሚቆርጠው ጌሙን የሚሠራው ሰው አይደለም። የፈረንጆች ገና አለ፤ ወላጅ ስጦታ የሚገዛበት ወቅት ነው። የበጀት ዓመት መዝጊያ አለ፤ በጃፓን ለብዙ ኩባንያ ማርች መጨረሻ ነው። ለባለ አክሲዮን የተነገረ ቀን አለ። ማስታወቂያው ተከፍሎበታል። ቀድሞ ያዘዘው ሰው ገንዘብ ገብቷል። እነዚህ ሁሉ ቀን አላቸው። በር የማያልፍ ገጸ ባሕርይ ግን ቀን የለውም፤ ስለዚህ የሚገፋው እሱ ነው። ሳይበርፐንክ ያን ሁሉ ስህተት ይዞ እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ ከ13 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡንም ጨመረልን። ለገበያው ቸኩሎ ማውጣት አላከሰረም ማለቱ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን በዚያው ወር ወርዷል።

መልስ 27። ተጫዋቹንም ወቀሰ። ሳይበርፐንክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲራዘም ሠራተኞቹ የግድያ ዛቻ ደርሷቸዋል። ጂቲኤ 6 የሚባለው ጌም ከ2025 ወደ 2026 ሜይ፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር ሲገፋ የተሰማውን እርግማን ሁላችንም አንብበናል። እኛው አስቸኩለን እኛው እናለቅሳለን ባይ ነው።

መልስ 28። መልስ 15 ተመልሶ መጣ። አሁን የያዘው እኔን ነው። ጌሙ አንድ ዓመት ቢዘገይ መጀመሪያ የምጮኸው እኔ እንደሆንኩ፣ የ14 ዓመት ልጅ እንባ ይዤ ለማዘን እንደተነሳሁ ጻፈ።

መልስ 29። መለስኩለት። የልጁን ነገር ያነሳሁት እውነት ስለሆነ ነው። መዘግየቱን በተመለከተ ግን ጠይቄዋለሁ፣ ልጁን ራሱን። ኔንቲዶ ሌላውን የዜልዳ ጌም ከ2022 ወደ 2023 ገፍቶ ጊዜ ሲጨምርለት የጠበቀ ሁሉ ጠብቆ አገኘ። ልጁ አንድ ዓመት መጠበቅ ይሻልሃል ወይስ በሩ ላይ መቆም ስለው መጠበቅ አለኝ። ቀድሞም ለዲስኩ ሁለት ዓመት ጠብቋል።

መልስ 30። የኮምፒውተር ተጫዋች ነው። ስቲም ከ2015 ጀምሮ፣ ከገዛህ 14 ቀን ካልሞላና ከ2 ሰዓት በላይ ካልተጫወትክ ገንዘብህን እንደሚመልስ ገለጸ። መድኃኒቱ ይሄ ነው ባይ ነው። ለሱ እውነት ነው። የተቀደደ ላስቲክ ይዞ ወደ አቡዳቢ የሚመልስ ግን የለም። የኔ በር ደግሞ የመጣው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው።

መልስ 31 እስከ 33። ስለ ጥቅል ዋጋ፣ አፕዴት 97 ከመቶ ደርሶ መብራት ስለጠፋበት ሰው፣ ኔት ካለው ጓደኛ ቤት ኮንሶል ተሸክሞ ስለመሄድ ነው። መልስ 32 ኮንሶሉን በፎጣ ጠቅልሎ በታክሲ ከአያት እስከ ቦሌ እንደወሰደው ተረከ። ከጎኑ የተቀመጡ እናት ሕፃን መስሏቸው ፀሐይ እንዳይነካው ብለው መስኮቱን ዘግተውለታል።

መልስ 34። ባሕር ዳር የምትማር የሶፍትዌር ተማሪ ናት። ሁሉንም ካነበበች በኋላ በፍርሃት እንደጻፈች ያስታውቃል። ለስልክ የገበጣ ጌም እየሠራች ነው። ለእንቁጣጣሽ አወጣዋለሁ ብላ ለጓደኞቿ ተናግራለች። ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ሲጫወት ይሠራል። ከስልኩ ጋር ሲጫወቱ ግን አንዳንዴ ተራው ይጠፋዋል። ታውጣው ወይስ ታቆየው ብላ ጠየቀችን። ፕሮግራመሯ ጠጋ ብላ ብዙ ነገር መከረቻት። እኔም ተራው የጠፋው ጌም ልጅ እጅ እንዳይገባ ለመንኳት።

መልስ 35። ያልጠበቅሁት ነው። መልስ 15 ነው የጻፈው። ስድብ የለበትም። ፋይሉን ከተማሪዋ ተቀብሎ 2 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ስልኩ ላይ አስጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቷል። ስህተቱን አግኝቶታል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከ12 በላይ ጠጠር ሲገባና ተጫዋቹ በዚያው ቅጽበት ስልክ ሲደወልለት ተራው ይጠፋል። በየትኛው ደቂቃ እንደሆነ ጽፎ፣ የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ፣ ሰባት ጊዜ ደግሞ አረጋግጦ ነው የላከላት። እሷም ጓደኞቿን ይቅርታ ጠይቃ ቀኑን ወደ ጥቅምት ገፍታዋለች።